በሞቴ የተላከ ድፍድፍ

አንድ ወንድምና እህት ነበሩ። ወንድምየው መንበሩ በቆላው ምድር የነዳጅ ጉድጓዶች ነበሩት፤ እህቱ አንጓች ደግሞ ከተራራው ግርጌ ድፍድፍ ነዳጁን ናፍጣና ቤንዚን የምታደርግበት የአገሩ ብቸኛ ማጣሪያ ነበራት። እናት አባታቸው ሲሞቱ ያሳደጋት እሱ ነውና አንጓች ወንድሟን እንደ አባት ታየው ነበር፤ ቅር እንዲለው አትፈልግም።

አንድ ዓመት ጉድጓዶቹ ከልክ በላይ ሰጡ። መንበሩ ደግሞ ደስታውን ለብቻው መያዝ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ለእህቱ በቦቴ ላይ ቦቴ ይልክላት ጀመር። ማጠራቀሚያዎቿ እስከ አፋቸው ሞልተው ሳለ ሌላ ቦቴ በሯ ላይ ይቆማል። ሾፌሩም "ጋሼ 'በሞቴ ተቀበዪኝ' ብለዋል" ይላታል። በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ማጣሪያዋ አቅሙ ትንሽ መሆኑን ከመናገር ይልቅ ምድጃውን ያለ ዕረፍት ማንደድን መረጠች።

በመጨረሻ ምድጃው ተሰነጠቀና ማጣሪያው ቆመ። ድፍድፉ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ አገሩ ናፍጣ አጣ፤ ዳቦ ቤቶች ተዘጉ፣ አውቶቡሶች ቆሙ። ይህን ሰምቶ ወደ እህቱ ሲገሰግስ የመንበሩም መኪና መንገድ ላይ ናፍጣ ጨርሳ ቀረች። የዚያ ሁሉ ጉድጓድ ባለቤት፣ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ በእግሩ ደረሰ።

"እታለም፣ ምን ጎደለብሽ? ልጨምርልሽ?" አላት ገና ከበሩ።

አንጓች ሳቅም ለቅሶም መጣባት። "ጋሼ፣ ያጎረስከኝ እኮ ገና አፌ ውስጥ ነው። ሳልውጠው ደገምክብኝ።"

"ታዲያ በቃኝ አትይም?"

"አንተ በሞቴ እያልክ፣ እኔ በምን አንደበቴ?"

መንበሩ እቅፍ አደረጋት። "አይ የኔ ነገር! መስጠቱ ደስ ብሎኝ፣ መቀበል ትችይ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁሽም።"

ምድጃው እስኪጠገን አብዛኞቹን ጉድጓዶች ዘጋ። ከዚያም ቦቴ ከመላኩ በፊት "ስንት ይበቃሻል?" ማለት ለመደ፤ እሷም የምትችለውን ያለ ሃፍረት መንገር ጀመረች። ሁለተኛ ምድጃም አብረው እየሠሩ ነው።

አንጓችን ለጉዳት የዳረጋት ከማንም በላይ የሚወዳት ሰው ነው። እሷም ብትሆን እሱን ላለማስቀየም ዝም ስትል አገር አስቸግራለች። የሚወዱትን ሰው አቅሙን መጠየቅ ከስጦታው ይቀድማል፤ አቅምን መናገርም ውለታ መርሳት አይደለም።

እስቲ ያስቡት፦ "በቃኝ" ሊልዎት ፈርቶ ዝም ያለ ሰው ማን ይሆን?