ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው

ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ሴት ጥቁር ለብሳ ወደ አንድ የጤና ኮሌጅ ግቢ ገባች። የመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ነበር።

ሥራው ከእሷ በፊት አልነበረም። ኮሌጁ ለአዋላጅ ነርሶች የማስተርስ ትምህርት ሊጀምር ስለሆነ፣ ተማሪ የሚመለምል ሰው ያስፈልጋል ተባለና አዲስ መደብ ተከፈተ። መደቡ ተከፈተ እንጂ ቢሮ አልተገኘለትም። መዝገብ ቤት ጥግ፣ ከተበላሸ ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ አስቀመጧት። የሚያልፈው ሁሉ ሥራሽ ምንድን ነው ይላታል። ተማሪ መመልመል ስትል፣ ዘመቻው ወዴት ነው እያሉ ይስቁባታል።

ወገኖቼ፣ ለምን ጥቁር ለበሰች? ታናሽ እህቷ ትርንጎ ሐምሌ ላይ ሞታባት ነው። በወሊድ። ከከተማው ወጣ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ደሟ አልቆም ብሎ። ሕፃኑም አልተረፈም።

ለቅሶው ላይ ሰው ምን አላት? ቀኗ ደርሶ ነው አላት። እናንተም እንደዚያ ትሉ ነበር። እሷ ግን ፊቷን ጠርጋ፣ ቀኗ አልነበረም፣ የጠፋው የሚያውቅ ሰው ነው አለች። ዘመድ ደነገጠ። በፈጣሪ ላይ አታማርሪ ብለው ገሠጿት። በፈጣሪ ላይ አላማረርኩም፣ በእኛ ላይ ነው ያማረርኩት ብላ መለሰች። ከዚያም የኮሌጁን የሥራ ማስታወቂያ ስታይ የባንክ ሥራዋን ለቀቀች። ያ ክፍል መከፈት አለበት። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ልዑልሰገድ ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ ቀን ጠሯትና በለሰለሰ ድምፅ፣ ኀዘንሽ ይገባኛል፣ ግን እኮ የኮሌጁ ፊት አንቺ ነሽ፣ ፈካ ያለ ነገር ብትለብሺስ አሏት።

"ዓመቷ ሳይሞላ አላወልቅም፣ ዶክተር። ፊቴ ካልተስማማዎት ሌላ ፊት ይፈልጉ።"

ዶክተሩ ወደ ወረቀታቸው አቀረቀሩ። እሷም ወደ ፎቶ ኮፒዋ ተመለሰች።

የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ደግሞ ይህ ነው፤ ማስታወቂያ በር ላይ ይለጠፋል፣ ፌስቡክ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ይጠበቃል። መማር የፈለገ ራሱ ይመጣል። እስከ ጥር መጨረሻ ሃያ ሰው ካልተመዘገበ ክፍሉ አይከፈትም፤ ወሬው በዚህ ያበቃል። ሴትየዋ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። ስልኩ አይጠራም። ኅዳር ገባ። ሁለት ሰው ብቻ ደወለ፤ አንዱ የተሳሳተ ቁጥር ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩን እያየች የትርንጎን ለቅሶ አሰበች። ድንኳኑ ውስጥ ስንት የማታውቀው ሰው ነበረ! ዝናቡን እየረገጡ ከገጠር የመጡ ነበሩ። ማን ጠራቸው? ማንም። ሰሙና መጡ። ገብተው ተቀመጡ፤ ለምን መጣችሁ ያላቸውም አልነበረም። እስቲ ንገሩኝ ወገኖቼ፣ ከእናንተ መካከል ለለቅሶ የጥሪ ካርድ የጠበቀ ማን አለ?

ተነሥታ ዶክተሩ ዘንድ ገባች። በየጤና ጣቢያው ልዙር አለቻቸው። እሳቸው ሳቁ።

"ማስተርስ እንደ ሽንኩርት በየደጁ ተዙሮ ይሸጣል እንዴ?"

"ጥሪ የሚጠበቀው ለሰርግ ነው፣ ዶክተር። ይሄ ሰርግ አይደለም።"

ሄደች። በሚኒባስ፣ በባጃጅ፣ መንገዱ ሲያልቅ በእግሯ። ስትደርስ ወሬ አትጀምርም፣ በራሪ ወረቀት አታወጣም። አዋላጇ ሥራ ላይ ከሆነች ትጠብቃታለች። ከዚያ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው፣ ዝም ብላ። ጥቁር የለበሰችን ሴት ደግሞ ማን ያጣድፋታል? ቆይታ ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች። ከእጅሽ ያመለጠችሽ እናት ማን ነበረች?

ወገኖቼ፣ የምትጠራው ስም የሌላት አዋላጅ አልነበረችም። አንዷ የጎረቤቷን ልጅ ስም ጠራች። አንዷ ስሙን መጥራት አቅቷት ግድግዳውን አየች። ስለ መማር የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙ ማውራት አያስፈልግም ነበር።

ጥር ሲጋመስ አንድ ሰው ብቻ ጎደለ። ያልሄደችበት ጤና ጣቢያም አንድ ብቻ ቀረ። የትኛው እንደሆነ አውቃችሁታል።

እናቷ ሰሙና ቤቱን ቀወጡት። የልጄን ገዳይ ልታስተምሪ ነው ወይ አሏት። እዚያ ደጅ ከረገጥሽ እኔን እናቴ ብለሽ አትጥሪኝ አሉ። የእናት ቃል ነው፣ ቀላል አይደለም። ሴትየዋ እናቷን አቅፋ አለቀሰች። ካለቀሰችም በኋላ ሄደች።

አዋላጇ ሲስተር ዘነቡ ትባላለች። ገና ወጣት ናት። ጥቁር የለበሰችዋን ሴት ገና ከበሩ ስታያት በመልኳ የትርንጎ እህት መሆኗን አወቀች። ጓንቷን አውልቃ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

"ልትከስሺኝ ከሆነ የኃላፊው ቢሮ በዚያ በኩል ነው" አለች።

ሴትየዋ መልስ ሳትሰጥ አጠገቧ ተቀመጠች። ነፍሰ ጡሮች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሁለቱ አይነጋገሩም። ዘነቡ መሬት መሬቱን ታያለች። በመጨረሻ ሳትጠየቅ ተናገረች።

"ደሟ አልቆም አለኝ። አምቡላንስ ጠርቼ መንገድ ላይ ነው አሉኝ። የማውቀውን ሁሉ አደረግኩ።"

"አውቃለሁ።"

"የማውቀው ትንሽ ነበር።"

"የመጣሁት ለዚህ ነው" አለቻት ሴትየዋ። "የሚያስተምር ክፍል ልንከፍት ነው። አንድ ሰው ጎድሎናል። ነይ ግቢ።"

ዘነቡ የተሳለቀችባት መሰላት። እኔን? አለች። ከሰው ሁሉ እኔን?

"ሌላ ማንን ልጥራ? ያን ቀን እዚያ ክፍል የነበርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ላለቅስላት እችላለሁ። ደም ማቆም ግን አልችልም።"

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ።

እኛ የቤተ ክርስቲያናችን በር ክፍት ነው እንላለን። እሑድ እሑድ ከፍተን ቆመን፣ የመጣ ይግባ እንላለን። ክፍት ከሆነ ታዲያ ማን ገባ? የወደቀው ወንድማችሁ ያንን በር አያውቀውም ብላችሁ ነው? ያውቀዋል። አልፎት የሚሄደው ስለሚያውቀው ነው። ጌታ በናይን ከተማ በር ያቺን መበለት ሲያገኛት ልጇን ለመቅበር እየወጣች ነበር። ጠርታው ነበር እንዴ? አልጠራችውም። ሄዶ ቃሬዛውን ያዘ። ሞት ሲያልፍ መንገድ ለቆ አላሳለፈውም።

እናንተ ስንት ጊዜ መንገድ ለቃችኋል? ስንት ጊዜ ቀኑ ነው ብላችሁ ተነሥታችሁ እጃችሁን ታጥባችኋል? ልጁ ሲጠፋ ዕድሉ ነው፣ ትዳሩ ሲፈርስ ዕጣው ነው፣ እናት በወሊድ ስትሞት ቀኗ ነው። ይህን አትበሉኝ። የራሳችንን ስንፍና እግዚአብሔር ላይ አንጫን።

ደግሞ አውቃለሁ፣ አሁን በልባችሁ አንድ ስም መጥቷል። ሁሉንም እጠራለሁ፣ እሱን ግን አልጠራም ያላችሁት ሰው። በዚያ ሰው ደጅ ማለፍ እንኳ ትታችኋል። እኔ የምላችሁ ስለዚያ ሰው ነው። ይቅርታ የደካማ ሰው ነገር ነው ያላችሁ ማን ነው? ያቺ ሴት አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ቁጣዋ በርዶላት አይምሰላችሁ። እየነደደች ነው የተቀመጠችው። ቁጣዋን ግን ዘነቡ ላይ አላፈሰሰችውም፤ ትርንጎን በገደላት ነገር ላይ አዞረችው። ቁጣ ካላችሁ፣ እንዳላችሁም አውቃለሁ፣ ወደዚያ አዙሩት።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ጥሪ አትጠብቁ። ይቅርታ እስኪጠይቃችሁም አትጠብቁ። ሂዱና አጠገቡ ተቀመጡ። ምን እንደምትሉ ካላወቃችሁ ዝም በሉ፤ ዝም ብሎ መቀመጡን እንደሆነ ታውቁበታላችሁ። ብቻ ሂዱ።

ክፍሉ በየካቲት ተከፈተ። እናትየዋ እስከ ፋሲካ ድረስ ልጃቸውን አላናገሯትም። ሲስተር ዘነቡ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመርቃ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ተመለሰች።