አትጥራው የተባለው ጉብታ

ከጥድ አፋፍ ወደ ወንዙ መሻገሪያ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ ከሩቅ ሲያዩት ይህን ያህል የማያስደንቅ፣ አናቱ የተላጨ አንድ ጉብታ አለ፤ ስሙም አትጥራው ይባላል። ፈረሱን ሸጦ የሚመለስ ሰው እዚያ ሲደርስ አያፏጭም፣ የሸጠውን ፈረስ ስም አይጠራም፣ ጉሮሮው ቢከረክረው እንኳ ውጦት ያልፋል። ጋቢውንም ከፈረሱ ጋር ለገዢው ትቶ ስለሚመጣ፣ ክረምትም ቢሆን እየተንቀጠቀጠ ነው የሚወርደው። ምክንያቱን ሲጠየቁ ወጣቶቹ «ልማድ ነዋ!» ብለው ይገላገላሉ፤ ሽማግሌዎቹ ግን «ልማድማ ከሰማይ አይወርድም» ይሉና ነገሩን ከሥሩ ይጀምሩታል።

እንደሚነገረው በዚያ ዘመን የጥድ አፋፍ ጌታ ግራዝማች ወንድይፍራው የሚባሉ፣ ደግ ቢሆኑም ሐሳባቸውን አንዴ ከያዙ የማይለቁ ሰው ነበሩ። ከወንዙ ማዶ ባሏ የሞተባት አንዲት እመቤት ሸጋው የሚባለውን የሟቹን ፈረስ እጅ መንሻ አድርጋ ስትልክላቸው፣ ይዞት የመጣው ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገው ባልደራስ ድንበሩ ነበር። ድንበሩ ከቤቱ ሲወጣ ሚስቱ የሻረግ በወሯ ነበረች፤ የበኩር ልጃቸው በአራስነቱ ሞቶባቸው ስለነበር ብቻዋን መቅረቷ አስፈርቷት ስታለቅስ፣ «አይዞሽ፣ ማርያም ማርያም ሳይባል እመለሳለሁ» ብሎ ነበር የተለያት። ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል።

የግራዝማች ግቢ ዙሪያውን በድንጋይ ካብ የታጠረ፣ በሩ ላይ ዘበኛ የማይጠፋበት ግቢ ነው። በዚያ አገር ደግሞ አዲስ ፈረስ የሚለምደው አገሩን ሲረሳ ነው፣ አገሩን የሚረሳውም መንገድ ሳያይ ሲቀር ነው ይባል ስለነበር፣ ሸጋውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አሰሩና ጋጣውን ዘጉበት። ምን ዓይነት ብልሃት እንደሆነ እነሱው ያውቃሉ! ፈረሱ ገብሱን አሽትቶ ተወው፤ ላብ አጠመቀው፤ ግድግዳውን በሰኮናው እየደበደበ ሲያሽካካ ዋለ፣ ሲያሽካካ አደረ። ግራዝማች ተጨነቁ። አዝማሪው በሰው ፊት «አባ ሸጋው!» እያለ በፈረሱ ስም አወድሷቸዋል፤ እንግዲህ ፈረሱ በረሃብ ከሞተ ስሙም አብሮ ሊቀበር፣ እሳቸውም የአገር መሳቂያ ሊሆኑ ነው። ስለዚህ ድንበሩን ጠርተው «ፈረሱ እህል እስኪቀምስ ንቅንቅ የለም!» አሉት።

ድንበሩም ለምኖ የፈረሱን ፊት ወደ በሩ አስዞረ፤ ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ገብሱን በጋቢው ጫፍ ላይ አፍስሶ አቀረበለት። ሸጋው ጋቢውን አሸተተ፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ በላ። ግቢው በእልልታ ተናጋ፤ ድንበሩም ዱላውን አንስቶ ሊሰናበት ጎንበስ አለ።

«ወዴት ነው?» አሉት ግራዝማች።

«ወደ ቤቴ፣ ጌታዬ። በላልዎ እኮ።»

«የበላው እኮ ካንተ እጅ ነው!» አሉ፣ በክፋት ሳይሆን ከልባቸው ገርሟቸው። «ካንተ እጅ ብቻ የሚበላ ከሆነ፣ አንተ የት ትሄዳለህ?»

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ክረምቱ ገባ፤ ድንበሩ ፈረሱን ባባበለው ቁጥር ፈረሱ ይወደዋል፣ ፈረሱ በወደደው ቁጥር በሩ ይጠብቅበታል። አሽከሮች ገብስ ይዘው ሲቀርቡ ሸጋው ጆሮውን አጣጥፎ ሊነክሳቸው ይቃጣል፤ እሱ ሲመጣ ደግሞ አፍንጫውን ብብቱ ሥር ይወሽቃል። ቢያመልጥ የላከችው እመቤት በእሱ ፈንታ ትያዛለች፤ ቢቆይ ቤቱ ይፈርሳል። ከመስቀል በኋላ አንድ የጨው ነጋዴ በዚያ ሲያልፍ መልእክት አመጣለት። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድ ልጅ ነው። ክርስትናም ተነስቷል። የዓለም ስሙን ግን አባቱ ይምጣና ያውጣለት ብላለች፤ መምጣቱ ካልሆነልህም ስም ላክላት።»

«ስም ከላክሁማ ቀረሁ ማለት ነው» አለ ድንበሩ፤ ሳይልክም ቀረ። ጋጣው ውስጥ ገብቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ያን ቀን ፈረሱን ጠላው፤ የወደደውን ያህል ጠላው። ሊመታው እጁን ቢያነሳ ሸጋው ገብስ የሚሰጠው መስሎት መዳፉን ላሰው።

ይህን ሁሉ ከጓዳው ደጃፍ ሆና የምታይ ማንጠግቦሽ የምትባል ጠጅ ጣይ ነበረች። ልጅ ሆና ከእናቷ ቤት ለአንድ ድግስ ተብላ መጥታ በዚያው የሸበተች፣ ምላሷ እንደ ጌሾዋ የሚመር፣ ልቧ ግን ማር የሆነ ሰው ናት።

«ስማኝ ወንድም ዓለም» አለችው፤ «እኔ እዚህ የቀረሁት ጠጄ ስለጣፈጠ ነው። ባበላሸው ኖሮ ድሮ ያባርሩኝ ነበር። አንተም ፈረሱን ታጽናናዋለህ እንጂ መቼ ከሌላ ሰው ጋር አለማመድኸው? በል ጋቢህን ወዲህ በል።»

«አንቺስ? ካንቺ እጅ ከለመደ አንቺን ማን ይለቅሻል?»

«እኔማ አንዴ ቀርቻለሁ፤ ሰው ሁለቴ አይቀርም!»

ማንጠግቦሽ የድንበሩን ጋቢ ለብሳ ገብሱን ታቀርብ ጀመር፤ እሱ መጀመሪያ አጠገቧ፣ ቀጥሎ በሩ ላይ፣ በኋላም ከካቡ ጀርባ ሆኖ ይጠብቃል። ከሁሉ የከበደው ዝም ማለቱ ነበር። ሸጋው አንገቱን አስግጎ ሲጣራ፣ «እንዳትመልስለት! አንዴ ከመለስህለት ከሥር ልንጀምር ነው» ትለዋለች። አንድ ቀን ግን አንጀቱ አልችል ብሎት «አለሁ፣ ሸጋው!» አለ። አይ ድንበሩ! ፈረሱ ገብሱን ረግጦ፣ ማንጠግቦሽን ገፍትሮ፣ ወደ ድምፁ ሮጠ፤ እውነትም ከሥር ጀመሩት። በጋውም እንዲሁ አለቀ።

በሚያዝያ ግራዝማች ከሰገነታቸው ቁልቁል ሲመለከቱ፣ ሸጋው ከማንጠግቦሽ እጅ እየበላ ጭራውን ያወዛውዛል፤ ድንበሩ ደግሞ ማዶ ቆሟል። «ታዲያ ይሄ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?» አሉ። «ሂድ እንጂ! ማን ያዘህ?» ጌታ ሰው መቼ የራሱ ሥራ ይታየዋል?

ድንበሩ ጋቢውን ትቶ ጉብታው ላይ ሲወጣ፣ ማንጠግቦሽ ሸጋውን ውኃ ልታጠጣ ወደ ወንዙ አውርዳው ነበር። ከላይ ሆኖ አየው። ወፍሯል፣ ጋማው ተበጥሯል፣ ወደ ላይ ቀና አላለም። ድንበሩ ምላሱ በላው። ቢጠራውና ቢመጣ ወደዚያ ግቢ መመለሱ ነው፤ ቢጠራውና ባይመጣ ደግሞ፣ እሱን እንዴት ይችለዋል? አፉን የሚያፍንበት ነጠላ እንኳ ስላልነበረው እጅጌውን ነከሰ። «አትጥራው፣ ድንበሩ» አለ ለራሱ። «አትጥራው።» እያለቀሰ በሌላው ወገን ወደ መሻገሪያው ወረደ።

ቤቱ ሲደርስ ልጁ ምሰሶ ይዞ ቆሟል። ጢማም እንግዳ ሲያይ ጮኸና ከእናቱ ቀሚስ ሥር ተወሸቀ። የሻረግ ደስታና ንዴት እያነቃት «ጥራው እንጂ!» አለችው። «ያው ያለ ስም አቆይቼልሃለሁ፤ አውጣለትና ጥራው!»

ድንበሩ ግን እግሩን ሳያነሳ ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ተይው፣ የሻረግ። ቤቱ የሱ ነው፤ አዲስ የገባሁት እኔ ነኝ።»

ልጁ በራሱ ጊዜ እየዳኸ መጥቶ ጣቱን እስኪይዘው ድረስ ከዚያ አልተነሳም፤ ስሙንም ያወጣለት ከዚያ በኋላ ነው ይባላል። ስሙ ማን ነበር ሲባል ግን ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ አይስማሙም።

ዛሬም በገበያ ቀን አትጥራው ሥር ያረፈ መንገደኛ ከወንዙ በኩል አዲስ የተሸጠ ፈረስ ሲጣራ ይሰማል፤ ከጉብታው ላይ መልስ የሚሰጥ ሰው የለም።