አንጓች፣ የራጅ ክፍሏ በር ጠባቂ

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አስፋልቱ ሳይመጣ፣ መኪና ሸንበቆ ሜዳ የሚደርሰው በጋ በጋውን ብቻ በነበረበት ዘመን የሆነውን ልንገራችሁ።

ያኔ በከተማችን ሆስፒታል አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ሀብት የላትም፣ ዘመድ የላትም፣ ፊደል አልቆጠረችም። የሆስፒታሉን አንሶላ ታጥባለች። ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ታጥፋለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

በዚያው ሆስፒታል ራጅ የሚያነሱት ጋሼ ዘለለው ነበሩ። መሣሪያው ከመጣ ጀምሮ እሳቸው ናቸው። የሚያለቅስ ሕፃን ሲመጣ በባዶ እጃቸው ደግፈው ያነሱታል። የተሰበረ ሲመጣ በባዶ እጃቸው ደግፈው ያነሱታል። ዓመት አለፈ፣ ዓመት ተተካ። ጣቶቻቸው ደረቁ፣ ተሰነጠቁ፣ ጠቆሩ። ቁስሉ አልድን አለ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ጣቶቻቸውን ቆረጧቸው። የቁስላቸውን ጨርቅ ያጠበችው አንጓች ናት።

አንድ ቀን ጠሯት።

“አንጓች፣ እሳት ሲነካሽ እጅሽን ትሰበስቢያለሽ” አሏት። “ይሄ የራጁ ጨረር ግን ሲነካ አያምም። ስላላመመኝ እጄን አልሰበሰብኩም። በሩን የሚጠብቅልኝ ሰው እፈልጋለሁ።”

“እኔ ምን አውቄ ጋሼ?” አለች።

“የማውቀውን እነግርሻለሁ። አንቺ አትርሺብኝ እንጂ።”

ነገሯት። ቀዩ መብራት ሲበራ ማንም አይግባ። እርጉዝ አትግባ። ሕፃን የሚይዝ ሰው ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ ይልበስ። በሩ ላይ የተለጠፈውን፣ በቢጫ መደብ ላይ የተሳለውን ባለ ሦስት ቅጠል ጥቁር ምልክትም አሳዩዋት። “ይሄን የትም ብታዪው አትንኪ፤ ሰውም አታስነኪ” አሏት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንጓች እረፍት አጣች። ወንበር ሰጧት፤ አልተቀመጠችም። ከበሩ ወደ ወረፋው፣ ከወረፋው ወደ መብራቱ ትመላለሳለች። ጠላቷ ቢታያት ኖሮ ታርፍ ነበር። የማይታይ ሆነባትና በየት በኩል እንደሚመጣ ጨነቃት። ሰው ይስቅባታል። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

አንድ ጊዜ ይታይሽ የምትባል ልጅ እግር ሴት ክንዱ የተሰበረ ሕፃን አቅፋ መጣች። ባሏ አብሯት አለ፤ አማቷም አብረዋት አሉ። ሕፃኑ ይጮሃል። ይታይሽ ይዤው ካልገባሁ አለች። አንጓች ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ “ልጄ፣ ፅንስ ይዘሻል?” አለቻት።

“አልያዝኩም” አለች ይታይሽ። ዓይኗ ግን ወደ አማቷ ሄደ።

አንጓች አየቻት። ዞር አለችና፣ “ወንዶች፣ እባካችሁ ለጥቂት ጊዜ ወደ ግቢው ውጡልኝ። እማማ፣ እርስዎም” አለች።

“ከእኔ የሚደበቅ ምን አለ?” ብለው አማቷ ተቆጡ። አንጓች ለመነቻቸው፤ እያጉረመረሙ ወጡ። ይኼኔ ይታይሽ አለቀሰች። ከዚህ በፊት ፅንስ ጨንግፎባት ያውቃል። አሁን ደግሞ ይዛለች። ሰው ካወቀው እንደገና አጣዋለሁ ብላ ፈርታ ለማንም አልተናገረችም።

አንጓች ምስጢሯን ለማንም አላወጣችም። ባልየውን ጠርታ፣ “እናቱን ሲያይ ይብስበታል። አንተ ያዘው” አለችው። የእርሳሱን ሽርጥ አለበሰችው። ሕፃኑ በአባቱ እቅፍ ተነሣ። ይታይሽም በጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች።

ጋሼ ዘለለው ሞቱ፤ ሌላ ራጅ አንሺ መጣ። በዚያው ክረምት ቀዩ መብራት ተቃጠለ። ምትኩ ከዋና ከተማው እንዲመጣ ተላከ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መብራቱ አልመጣም። ሰው የተዘጋ በር እየገፋ መግባት ጀመረ። አንጓች ቀይ ጨርቅ ፈልጋ ራሷ ላይ ጠመጠመች። ሰው በሚነሣበት ጊዜ እጆቿን ዘርግታ ከበሩ ፊት ትቆማለች። ሲያበቃ ዞር ትላለች። ያን ክረምት መብራቱ እሷ ሆነች።

የወረዳው ገዥ ልጅ ከፈረስ ወደቀ። ገዥው ልጃቸውን በቃሬዛ አስይዘው እየተጣደፉ መጡ። ውስጥ ሌላ ሰው እየተነሣ ነው።

“ክፈቺ!” አሉ።

“ጌታዬ፣ ጥቂት ይታገሡኝ። አሁን ከገቡ ይጎዳዎታል።”

“ልጄ እየሞተ ታገሥ ትይኛለሽ?”

ገፈተሯት። ወደቀች። ተነሥታ የበሩን እጀታ ያዘች። እንደገና ገፈተሯት፤ እጀታውን አልለቀቀችም። ውስጥ ያለው ሰው ተነሥቶ ሲያበቃ በሩን በገዛ እጇ ከፍታ፣ “አሁን ይግቡ ጌታዬ። እግዜር ይማርልዎ” አለች። ልጁ ዳነ። አንጓች ግን በማግሥቱ በገዥው ትእዛዝ ከበሩ ተነሥታ ወደ አንሶላዋ ተመለሰች። በቦታዋ ሌላ ሰው ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ጭንቀቷ ባሰ። አንሶላውን ውሃ ውስጥ ጥላ ወደ ራጅ ክፍሉ ትሮጣለች፤ ያባርሯታል። ተመልሳ ታጥባለች፤ ደግሞ ትሮጣለች። “አንጓች ለየላት” አሉ።

አንድ የገበያ ቀን የሆስፒታሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ተጸዳ። የዛገ አልጋ፣ የተሰበረ ጋሪ፣ ማንም ሳይጠቀምበት የኖረ የሕክምና መሣሪያ፣ ሁሉም እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። ብረቱን የገዛው ጓንጉል የሚባል ቀጥቃጭ ነው። በጋሪ ጭኖ ሲሄድ አንጓች አንሶላ እያሰጣች ነበር። ከብረቱ መሐል አንድ ወፍራም፣ ክብ ነገር አየች። ዝገቱ ሥር ቢጫ አለ። ቢጫው ላይ ጥቁር ቅጠል አለ።

አንሶላው ጭቃ ላይ ወደቀ። አንጓች ሮጠች።

ስትደርስ ጓንጉል ክቡን ብረት መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አስቀምጦ ክዳኑ ላይ መሮ ደግኗል። ገበያተኛው ዙሪያውን ከቧል።

“ጓንጉል፣ አትምታው!”

“እትዬ አንጓች፣ ብረት እኮ ነው። የገዛሁት ብረት!”

“የጋሼ ዘለለውን ጣቶች ታስታውሳለህ?”

“አስታውሳለሁ።”

“የቁስላቸውን ጨርቅ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ይሄ ምልክት የእሳቸው በር ላይ ያለው ነው። እኔን እብድ በለኝ፤ ግን አትምታው።”

ጓንጉል የራሱን ጣቶች አየ። በእነዚያ ጣቶች ሠርቶ ነው ልጆቹን የሚያበላው። መዶሻውን አስቀመጠ።

አንጓች ሰዉን እየለመነች፣ እየጮኸች ከሜዳው ማዶ አሻገረችው። ገበያው ተበተነ፤ ነጋዴው ረገማት። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። ምልክቱን ከሩቅ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ወደ ስልክ ቤት ሮጠ። ከዋና ከተማው ሰዎች እስኪመጡ ድረስ አንጓች ከማዶ ሆና ስትጠብቅ፣ ወዲያ ወዲህ ስትል ከረመች። ሰዎቹ ጨረር ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ ይዘው መጡ። ወደ ክቡ ብረት ሲጠጉ መሣሪያው ጮኸ።

“ውስጡ ያለው ጨረር አልሞተም” አሉ። “ክዳኑ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ስንቱን ሰው እንደምትቀብሩ እግዜር ይወቅ።”

ጓንጉል መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰዎቹ ብረቱን በወፍራም ሣጥን ዘግተው ወሰዱት። አንጓችም ወደ በሯ ተመለሰች፤ ጉልበቷ እስኪደክም እዚያው ቆማ ኖረች።

ልጆቼ፣ ዛሬም ሸንበቆ ሜዳ ብትሄዱ የቀጥቃጮቹን ወግ ታያላችሁ። ከሌላ ቦታ የመጣ ብረት ከመምታቱ በፊት ቀጥቃጩ ጮክ ብሎ፣ “አንጓች አይታዋለች?” ይላል። በዙሪያው ያለው ሰው ብረቱን አገላብጦ ያይና፣ “አይታዋለች፣ ምታ” ይለዋል። ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ ከተጠራጠረ፣ “አላየችውም” ይላል። ያን ጊዜ ማንም አይከራከርም፣ ማንም አይስቅም። ሁሉም ወደ ኋላ ይላል፤ መዶሻው መሬት ይቀመጣል፤ ሆስፒታል ሰው ይላካል።