የሲስተር ትርንጎ እሁድ ጠዋት

ተረት ተረት! የላሙን በረት ለላሞቹ ተዉላቸውና ጆሮ ስጡኝ። የዛሬው ተረት የሚጀምረው ከአንድ የወረዳ ሆስፒታል ኮሪደር፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ የነርሶች የሥራ ፕሮግራም ነው። በግራ በኩል ስም፣ ከላይ ቀን፣ በየሳጥኑ አንዳንድ ፊደል። «ጠ» ጠዋት ነው፤ ከሁለት ሰዓት እስከ ስምንት። «ከ» ከሰዓት ነው፤ ከስምንት እስከ ምሽቱ ሁለት። «አ» አዳር ነው፤ ከምሽቱ ሁለት እስከ ጠዋቱ ሁለት፣ እሱን የገባበት ያውቀዋል። «እ» ደግሞ እረፍት ናት፤ እሷን ማንም አይንካባችሁ። ወረቀቱን የሚያወጡት የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ንግሥት ናቸው። በእርሳስ ይጀምራሉ፣ በቀይ እስክሪብቶ ይጨርሳሉ። ከቀዩ በኋላ ለቅሶ የለም።

ሲስተር ትርንጎ ረቡዕ ጠዋት ወረቀቱ ፊት ቆመች። በስሟ ትይዩ፣ እሁድ ላይ፣ ገና በእርሳስ የተጻፈች «ጠ» አየች። ክው አለች።

እሁድ የስንዱ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ነዋ! ስንዱ ጎረቤቷ ናት። ምጥ ሲይዛት በባጃጅ አሳፍራ ያመጣቻት፣ እስክትገላገል ወገቧን ስታሽ ያደረችው ትርንጎ ናት። ስንዱም እዚያው አልጋ ላይ ሆና «ይህቺን ልጅ ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ» ብላ ምላለች። ትርንጎ የራሷ ልጅ የላትም። ለዚህችኛዋ ነጭ ቀሚስ ገዝታ፣ ማተቧን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ካስቀመጠች ወር አልፏታል። ማታ ማታ አውጥታ ታየዋለች። እንዲህ ነው የወደደቻት።

ሰማንያ ቀን ደግሞ ሰማንያ ቀን ነው፤ ሴት ልጅ የምትጠመቀው ያን ቀን ነው፣ ለሰኞ አይዛወርም። ትርንጎ ከቀረች ተተኪዋ ተዘጋጅታለች፤ የስንዱ ባል አክስት፣ እትዬ ደብሪቱ። እሳቸው ልጅቷ ሳትወለድ ጀምሮ «ክርስትናዋን እኔ ነኝ የማነሳው» ሲሉ ነበር።

«ሲስተር፣ የእሁድ ጠዋትን ይፍቀዱልኝ» አለች ትርንጎ።

«የሚገባልሽ ሰው አምጪ፤ እፈርማለሁ» አሉ ሲስተር ንግሥት፣ ቀና ሳይሉ። «ሕጉን ግን ታውቂዋለሽ። ከአዳር የወጣ ጠዋት አይገባም። ሁለት ዲዩቲ ደርቦ የሚገባም የለም። እያንቀላፋ መርፌ የሚወጋ ነርስ አልፈልግም።»

ትርንጎ ሮጠች። ሲስተር ፋንታዬን ሰባት ቁጥር አልጋ አጠገብ ግፊት ስትለካ አገኘቻት። የሰባት ቁጥሩ ባለቤት ጋሽ ቢተው ናቸው። ጭናቸው ተሰብሮ፣ እግራቸው በገመድና በክብደት ተሰቅሎ፣ ሁለተኛ ወራቸውን የያዙ አዛውንት። ከጣሪያውና ከነርሶቹ በቀር የሚያዩት ነገር የላቸውም።

«ፋንታዬ፣ እህቴ፣ አንቺ የኔን ጠዋት ያዢልኝ፤ እኔ ልጅቷን ላንሳ።»

«በደስታ!» አለች ፋንታዬ። «ግን ቅዳሜ አዳር ነኝ። ከአዳር የወጣ ጠዋት አይገባም። አዳሬን የሚይዝ አምጪልኝ፤ እሁድሽ የኔ ነው።»

ላም አለኝ በሰማይ! ፋንታዬ ጠዋቱን አልያዘችም፤ ትርንጎም ልጅቷን አላነሳችም። እትዬ ደብሪቱ ግን ያን ቀን ነጠላቸውን አጠቡ።

ትርንጎ ወደ ነርስ ደጀኔ ሄደች። ደጀኔ ግሉኮስ እየሰቀለ ነበር።

«ደጀኔ፣ ወንድሜ፣ አንተ የፋንታዬን አዳር ያዝላት፤ ፋንታዬ የኔን ጠዋት ትያዝልኝ፤ እኔ ልጅቷን ላንሳ።»

«ቅዳሜ ከሰዓት ነኝ እኮ!» አለ ደጀኔ። «ከሰዓት ገብቼ በዚያው አዳር ልቀጥል? ጄኔሬተር መሰልኩሽ? ይልቅ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ አለ። ከሰዓቴን የሚይዝልኝ ሰው አምጪና አዳሩን እየዘፈንኩ ነው የምገባው።»

ደጀኔ አዳሩን አልያዘም፤ ፋንታዬ ጠዋቱን አልያዘችም፤ ትርንጎም ልጅቷን አላነሳችም። እትዬ ደብሪቱ ግን ነጠላቸውን ፀሐይ ላይ አሰጡ።

ነርስ ሙዘይን መድኃኒት ክፍል ውስጥ ኪኒን ይቆጥራል። ሰላሳ ዘጠኝ፣ አርባ፣ አርባ አንድ...

«ሙዘይንዬ፣ አንተ የደጀኔን ከሰዓት ያዝለት፤ ደጀኔ የፋንታዬን አዳር ይያዝላት፤ ፋንታዬ የኔን ጠዋት ትያዝልኝ፤ እኔ ልጅቷን ላንሳ።»

«ኧረ ቆይ፣ ቆይ! ማን ነው ማንን የሚይዘው?» ሙዘይን ቁጥሩ ጠፋበት፤ ኪኒኑን መልሶ ዕቃው ውስጥ ገለበጠው። «ድገሚልኝ እስቲ።»

ደገመችለት።

«ወላሂ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «ግን ቅዳሜ ጠዋት እኔ ነኝ። ደርቦ መግባት የለም። እናቴ ሁለት ወር ሙሉ ‹ቅዳሜ ገበያ አድርሰኝ› እያለች ትነዘንዘኛለች፤ ጠዋቴን የሚይዝልኝ ብታገኚ ለኔም ምርቃት ነው።» ቀጥሎም ተነፈሰና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ እንደገና ጀመረ።

ሙዘይን ከሰዓቱን አልያዘም፤ ደጀኔ አዳሩን አልያዘም፤ ፋንታዬ ጠዋቱን አልያዘችም፤ ትርንጎም ልጅቷን አላነሳችም። እትዬ ደብሪቱ ግን ነጠላቸውን አጥፈው ትራስ ሥር አኖሩ። ሲተኙበት ይተኮሳል ብለው ነው።

ሐሙስ ሆነ። ሲስተር ዓለምነሽ ከሰዓት ልትገባ ከነጃንጥላዋ ብቅ ስትል ትርንጎ በሩ ላይ ያዘቻት፤ ጃንጥላውን እንኳ እስክታጥፍ አልጠበቀቻትም።

«ዓለምዬ፣ አንቺ የሙዘይንን ጠዋት ያዢለት፤ ሙዘይን የደጀኔን ከሰዓት ይያዝለት፤ ደጀኔ የፋንታዬን አዳር ይያዝላት፤ ፋንታዬ የኔን ጠዋት ትያዝልኝ፤ እኔ ልጅቷን ላንሳ!»

ዓለምነሽ ጣቷን እያጠፈች ተከተለቻት፤ ጣት ሊያልቅባት ምንም አልቀራት። «ገባኝ» አለች። «ግን እኔ ነገ፣ አርብ፣ አዳር ነኝ። ከአዳር የወጣ ጠዋት አይገባም።» ከዚያ ወደ ሰባት ቁጥር አልጋ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አርብ አዳሬን የሚወስድልኝ ከተገኘ ቅዳሜ ጠዋትን በሁለት እጄ ነው የምቀበለው። ጋሽ ቢተው በየግማሽ ሰዓቱ ‹ስንት ሰዓት ሆነ?› እያሉ ሲጣሩ ነው የሚያድሩት። አንቺም ታውቂያቸዋለሽ።»

ዓለምነሽ ጠዋቱን አልያዘችም፤ ሙዘይን ከሰዓቱን አልያዘም፤ ደጀኔ አዳሩን አልያዘም፤ ፋንታዬ እሁድን አልያዘችም፤ ትርንጎም ልጅቷን አላነሳችም። ሌላ የሚለመን ነርስ ደግሞ አልተረፈም። አንዷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፣ አንዱ ሥልጠና ሄዷል። እትዬ ደብሪቱ ነጠላውን ከትራስ ሥር አውጥተው፣ ለብሰው፣ በመስታወት እያዩት ነው።

ትርንጎ የሰባት ቁጥሩን አንሶላ ልታስተካክል ጎንበስ አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ?» አሉ ጋሽ ቢተው።

«ኧረ አልሞተም።» በነጭ ጋዎኗ እጅጌ ፊቷን ጠረገች። «አርብ አዳርን የሚይዝ ሰው ጠፋ እንጂ። አርብ አዳር ሰው ቢገኝ፣ ዓለምነሽ የሙዘይንን ጠዋት ትይዝለታለች፤ ሙዘይን የደጀኔን ከሰዓት ይይዝለታል፤ ደጀኔ የፋንታዬን አዳር ይይዝላታል፤ ፋንታዬ...»

«የአንቺን ጠዋት ትይዝልሻለች፤ አንቺ ልጅቷን ታነሻለሽ» አሉ ጋሽ ቢተው። «ከትናንት ጀምሮ ስሰማው ነው የዋልኩት፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ለመሆኑ ሥራዬ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሠላሳ ዓመት መናኸሪያ ውስጥ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። መናኸሪያ ውስጥ ተራ የሚበላሸው መቼ እንደሆነ ልንገርሽ? ሾፌሩ ሁሉ የሰውን ታርጋ ሲያይ ውሎ የራሱን ሲረሳ ነው። እስቲ ንገሪኝ፤ ነገ፣ አርብ፣ አንቺ ምን ነሽ?»

«እኔማ እረፍት ነኝ» አለች ትርንጎ።

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜም እረፍት...» አለችና የያዘችውን አንሶላ ለቀቀችው።

«አየሽ» አሉ ጋሽ ቢተው፤ እግራቸው ባይሰቀል ኖሮ ተነስተው ያጨበጭቡ ነበር። «ሁለት ቀን ሙሉ የሰውን ሁሉ ሰዓት ለመንሽ። የራስሽን አልለመንሽም።»

«አርብ ሹሩባ ልሠራ ነበር እኮ፣ ጋሼ!» አለች፤ ግን እሷም እያለችው ሳቋ መጣ።

«ሹሩባ አዳር አይሠራም። ቀን ተሠሪና ማታ ነይ።»

ትርንጎ ተፈተለከች። ዓለምነሽ ጃንጥላዋን ገና ሰቅላ ሳትጨርስ ደረሰችባት። «አርብ አዳርሽን እኔው እይዛለሁ!»

እንግዲህ ያ ሁሉ የታሰረ ክር ባንዴ ይተረተር ጀመር። ትርንጎ የዓለምነሽን አዳር ያዘችላት፤ ዓለምነሽ የሙዘይንን ጠዋት ያዘችለት፤ ሙዘይን የደጀኔን ከሰዓት ያዘለት፤ ደጀኔ የፋንታዬን አዳር ያዘላት፤ ፋንታዬ የትርንጎን ጠዋት ያዘችላት! አምስቱም ባንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ። ሲስተር ንግሥት ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበቡት። ከአዳር ወጥቶ ጠዋት የሚገባ ፈለጉ፤ አጡ። ደርቦ የሚገባ ፈለጉ፤ አጡ። ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ።

«ማን ነው ያቀናጀው?» አሉ።

«ሰባት ቁጥር» አለች ትርንጎ።

«አስተኝተን እያከምን ነው እንዴ ሥራ የምናሠራቸው?» አሉና ፈረሙ። ከቀዩ በኋላ ለቅሶ የለም።

አርብ ትርንጎ ሹሩባዋን ተሠርታ አዳር ገባች። ጋሽ ቢተው አሥራ አንድ ጊዜ «ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ነገረቻቸው። ሰባተኛው ላይ ነው የገባት፤ ሰውየው የሚጠይቁት ሰዓቱን ሳይሆን ሰው መኖሩን ነው። ከዚያ ወዲያ ሲጠሯት አላማረራትም። ቅዳሜ ዓለምነሽ ገባች፤ ሙዘይን እናቱን ገበያ አድርሶ መጥቶ ገባ፤ ደጀኔ ኳሱን አይቶ ድምፁ እንደዘጋ አዳር ገባ። ትርንጎ እንቅልፏን ጠገበች።

እሁድ ማለዳ ካህኑ «ማናት የምታነሳት?» ሲሉ እትዬ ደብሪቱ አንድ እግራቸውን አስቀደሙ።

«እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ፣ ከኋላቸው ብቅ ብላ።

እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አዩ፣ ትርንጎን አዩ። «እንኳን መጣሽ፤ እኔ እንደሆነ ለእልልታ ነው የተዘጋጀሁት» አሉ፤ እውነትም እልልታቸው ከሁሉ በለጠ። ልጅቷ ከውኃው ስትወጣ ጮኸች፤ ትርንጎ ክንድ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ትርንጎ ማተቧን አሰረችላትና አለቀሰች። ይህኛውን ለቅሶ ሲስተር ንግሥትም አይከለክሉም።

በድግሱ ላይ ደጀኔ ከአዳር በቀጥታ መጥቶ እጁ ወጥ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ሙዘይንና ዓለምነሽም መጡ። ለጋሽ ቢተው ሙዳይ ሙሉ ቆሎ ተላከላቸው።

ተረቴን መልሱልኝ። ዳቦውን ግን እንዳትጨርሱት፤ ትልቁን ቁራሽ ለፋንታዬ አስቀምጡላት፤ እስከ ስምንት ሰዓት ዲዩቲ ላይ ናት።