አስካለና የአተሩ ቅርፊት

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ ወሬ ልስጣችሁ።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ አስካለ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። መሬት አላት፤ በሬ የላትም። ጎረቤቷ ጓንጉል ጥንድ በሬ አለው፤ ዓይኑ ግን አይጠግብም።

«አተር እንዝራ። እኔ አርሳለሁ፣ አንቺ ታርሚያለሽ» አላት።

«ምርቱንስ?»

«ፍሬው የኔ፣ ቅርፊቱ ያንቺ።»

አስካለ ልጆቿን አሰበች። እምቢ ብትል መሬቱ ጦሙን ሊያድር ነው።

«ይሁን» አለች። «ግን ዳኛ ፊት እንነጋገር።»

ዳኛ ፊት ተነጋገሩ።

አተሩ በቀለ። አበበ። ቅርፊት ያዘ። ቅርፊቱ ገና ጠፍጣፋ ነው፤ ፍሬ አልቋጠረም። አስካለ አንዱን ቀጥፋ ቀመሰችው። ለስላሳ ነው፤ ይጣፍጣል። የዚያኑ ዕለት አንድ ቅርጫት ለቀመች። ጫፍ ጫፉን ቀነጠበች፣ ክሩን ሳበች፣ በቀይና በነጭ ሽንኩርት አቁላልታ ልጆቿን አበላች።

ጓንጉል መጣ።

«ፍሬዬስ?»

«ፈልቅቅና ውሰድ።»

ፈለቀቀ። ምንም የለም። ተመለሰ።

አተር እሸቱን ሲለቅሙለት መልሶ ያብባል። በሳምንቱ እንደገና ያዘ። አስካለ ከድንች ጋር አልጫ ሠራችው። ጓንጉል መጣ፤ ፈለቀቀ፤ ምንም የለም።

ለሦስተኛ ጊዜ ያዘ። አሁን ጥሬውን ከትፋ፣ ቃሪያና ጨው ጨምራ አቀረበችው። የልጆቿ ጉንጭ ሞላ። ሆዷ እየደረቀ ታለቅስ የነበረችው ትንሿ ልጇም ለቅሶዋን ተወች። ጓንጉል መጣ፤ ፈለቀቀ፤ ምንም የለም።

ዳኛው ዘንድ ሄዶ ከሰሳት። ዳኛው ከማሳው አንድ ቅርፊት አስመጥቶ ቀደደና አሳየው።

«ፍሬ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ጓንጉል አቀረቀረ። «ቅርፊት ነው።»

«ቅርፊቱ የማን ነው?»

«የሷ።»

ሸንጎው ሳቀ። አስካለም ለዘር ብላ አንድ ትልም ሳትነካ ትታ ነበርና የዚያን ፍሬ አንድ ቁና ሰጠችው። ደስ አላለውም። ሲነሳ ሆዱን ይዞ አቃሰተ።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ቋንጣ ብቻ እየበላሁ ሆዴ እንደ ድንጋይ ደረቀ።»

አዘነችለት። ወደ ቤቷ ወስዳ ከአልጫው አንድ ሳህን አቀረበችለት። በላ። ሌላ ሳህን ጠየቀ። በማግስቱ ፊቱ ፈክቶ በሯን አንኳኳ።

«አስካለ፣ ዘሩን ይዤ መጥቻለሁ። ከእንግዲህ እኩል እንካፈል፤ ፍሬውንም ቅርፊቱንም።»

«ዳኛ ፊት» አለችው እየሳቀች።

ከዚያ ወዲያ እኩል እየተካፈሉ ኖሩ። ፍሬውን ሁሉ ሲመኝ ግማሹንም ላጣ እንደ ጓንጉል ላለ ነው አበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሉት። እኔ ያየሁትን ነገርኳችሁ፤ ያልመሰለው ሄዶ አተሩን ይጠይቅ።