ጋሽ ወንድይራድን ላለማስቀየም

አንድ ሰው ነበር፣ ወገኖቼ፤ በአንድ እንጨት ሥራ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ። ደግ ሰው ነበር። ለቅሶ ቀድሞ የሚደርስ፣ የሠርግ መዋጮ የሚያስተባብር፣ ሰው ማስቀየም ሞቱ የሆነ ሰው።

የዓመቱ የሥራ ምዘና ደረሰ። ሠራተኞቹ ተራ በተራ ቢሮው ይገባሉ። መጋዝ ላይ የሚሠሩት ጋሽ ወንድይራድም ገቡ፤ ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው አግኝተው ተቀመጡ። ኃላፊው አየ።

ሽማግሌው እንደወጡ ረዳቱ፣ «ዓይናቸው ደክሟል እኮ። ከመጋዙ ይነሱና ማለስለሱ ጋ ይሥሩ፤ እሱ በእጅ ዳበሳም ይሆናል» አለችው።

«ተይ እንጂ! እኚህን የሚያህሉ አባት ዓይንዎ አያይም ልበላቸው? በምን ፊቴ?»

እንደ ሁልጊዜውም «በጣም ጥሩ» ብሎ ሞላላቸው። ሲነግራቸው መረቁት። እሱም ደግ ሥራ የሠራ መሰለው።

ክረምቱ ሳይወጣ መጋዙ የጋሽ ወንድይራድን ቀኝ እጅ ወሰደው።

ኃላፊው ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ሄደ። አንዱን አንስቶ ሰጣቸው። በግራ እጃቸው ተቀብለው ዝም ብለው ያዙት። በምን ይላጡት? ያን ጊዜ ነው የገባው። ብርቱካኑን ከእጃቸው መልሶ ወስዶ እየላጠ አለቀሰ።

«ልጄ፣» አሉት፣ «ያን ቀን ወንበሩን ስዳብስ አይተኸኝ ነበር?»

«አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

«እኔም ፈርቼ ነበር። እንጀራዬ ነው ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። አንተ በጣም ጥሩ ስትለኝ ግን፣ እሱ እንዲህ ካለ ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ወደ መጋዙ ተመለስኩ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

ወገኖቼ፣ እናንተ ቢሮ የላችሁም፣ ማኅተም የላችሁም። ግን ሰው አልተሰጣችሁም? መጠጥ እየበላው ያለውን ወንድማችሁን አላያችሁትም? ትዳሯ እየፈረሰ የምትስቀውን እህታችሁን አላያችኋትም? አይታችኋል። አይታችሁ «ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ» ብላችሁ አልፋችኋል። እነሱም አምነዋችሁ ወደ መጋዙ ተመልሰዋል።

ይህን ፍቅር ነው አትበሉኝ። ፈርታችሁ ነው። ሰው እንዳይጠላችሁ ፈርታችሁ ነው።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ወንበሩን የሚዳብስ ሰው ይኖራል። ይቆጣችሁ ይሆናል፤ ያኩርፋችሁ ይሆናል። ይሁን። ሁለቱም እጆቹ ሳሉ ንገሩት።