አያ ጅቦና የዓሣ ቤቱ ትምህርት

አንድ ጊዜ፣ ጅብ ልጁን እቤቱ ማስተማር በጀመረበት ዘመን፣ ከሐይቁ ዳር አንድ የዓሣ ቤት ነበር። ሰዎች ሠርተውት፣ ሰዎች ትተውት የሄዱት። ግድግዳው መስታወት። ከመስታወቱ ወዲያ ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ዓሦች። ጠባቂያቸው እማማ ኤሊ ነበሩ።

ማክሰኞ ጠዋት ቤቱ የሚከፈተው እቤታቸው ለሚማሩ ልጆች ብቻ ነው። የአያ ጅቦ ልጅ ጥጋቡ እቤቱ የሚማረው የመንደሩ ትምህርት ቤት ፍየሎችን ስለሚቀበል ነው፤ ጅብና ፍየል አንድ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ትምህርቱ በምን እንደሚያልቅ ይታወቃል። የእመት ቀበሮ ልጅ ብልጥነሽ እቤቷ የምትማረው ደግሞ እናቷ ማንንም ስለማታምን ነው። የእመት አህያ ውርንጭላም አለ። የትምህርት ቤቱ መንገድ ስለሚርቀው።

ልጆች ከፊት፣ መሬት ላይ። ወላጆች ከኋላ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። መስታወት አይንኳኳም፣ ዓሣ አይነካም፣ ወላጅ አያወራም።

«ይቺን ቆሮሶ የምትባል ዓሣ እይዋት» አሉ እማማ ኤሊ። «ምግብ ወርውሬላት አልበላችም። ለምን ይመስላችኋል?»

አያ ጅቦ ደነገጠ። ምግብ እያለ አለመብላት። እንዲህ ያለ ነገር አስቦ አያውቅም። ልጁ እንዲመልስ በዓይኑ ጎተጎተው። ጥጋቡ ግን አፍንጫውን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ ዝም ብሏል። ከገባ ጀምሮ ዓይኑን ከዓሣዋ አልነቀለም።

ብልጥነሽ እጇን አወጣች። «አፏ ውስጥ ልጆቿን ይዛለች። ብትበላ ትውጣቸዋለች።»

«ጎበዝ» አሉ እማማ ኤሊ።

አንዲት ቃል። አያ ጅቦ ሆድ ውስጥ ገብታ እንደ ፍም ተቀመጠች።

እመት ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ልጅህን እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?»

«እያሰበ ነው።»

«ማሰብስ ጥሩ ነው። የኔዋ እንኳ ብዙም አያስፈልጋትም።»

ልጆቹ ሊነሱ ሲሉ እማማ ኤሊ አንድ ነገር ጨመሩ። «በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ አያ አንበሳ ደቦሎቹን ይዞ ሊጎበኘን ነው። ከእናንተ አንዱ ቆሞ ስለ ቆሮሶዋ ያስረዳዋል። ማን እንደሆነ በሚመጣው ማክሰኞ እነግራችኋለሁ።»

ጅብ ቆሞ ሲናገር። አንበሳ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ። አያ ጅቦ መንገዱን ሁሉ ይህን እያየ ሄደ። ሥዕሉ ውስጥ ግን የጥጋቡ ፊት እየጠፋ የብልጥነሽ ፊት ይመጣበታል።

ዋሻቸው ሲደርሱ ልጁን አፋጠጠው። «እሷ እጇን ስታወጣ አንተ የት ነበርክ?»

«እያየሁ ነበር።»

«ታዲያ ያየኸውን አትናገርም?»

«አልጨረስኩማ፣ አባዬ።»

አያ ጅቦ ከዚያ ወዲያ ምግብ አልጣመውም። ለጅብ ይህ ትልቅ በሽታ ነው። በመጨረሻ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ እመት ቀበሮ ደጃፍ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ልጅሽን ምንድነው የምታስጠኛት?»

ቀበሮ ሳቋን በጅራቷ ሸፈነች። «ማስጠናት? አበላታለሁ እንጂ። የምትማረውን ነገር ቀድማ ከበላች ምን ይከብዳታል?»

«ዓሣውን?»

«ዓሣውን። ያቺን ቆሮሶ ራሷን የበላ ልጅማ ለአንበሳ ቀርቶ ለዝሆንም ያስረዳል። እኔ እሷን ያልነካኋት ደንብ ስለማከብር ነው።»

አያ ጅቦ አመነ። መብላት የሚል ቃል ያለበትን ምክር ሁሉ ያምናል።

ማክሰኞ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። እማማ ኤሊ የዓሣ ምግብ ሊያመጡ ጓዳ ገብተው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከገቡ ቶሎ አይወጡም። አያ ጅቦ ከመስታወቱ በላይ ባለው የገንዳው አፍ ራሱን እስከ አንገቱ አስገባ። ቆሮሶዋን ያዘ። ለልጁ ሊያካፍል ነበር፤ ጉሮሮው ግን ማካፈል አያውቅም። ዋጣት።

ስትያዝ ከአፏ ያመለጡት ጫጩቶች ውሃው ውስጥ ተበተኑ። ጣዕሙን አልጠገበውምና አያ ጅቦ አፉን እንደገና ከፈተ። ጫጩቶቹ ከፊታቸው ጨለማ ጉድጓድ ሲያዩ ተያይዘው ገቡ። የጓዳው በር ሲንቋቋ ደንግጦ አፉን ገጠመና ራሱን ቀና አደረገ።

«አባዬ፣ እንዳትውጥ» አለ ጥጋቡ በሹክሹክታ። «ሲፈሩ እናታቸው አፍ ውስጥ ነው የሚደበቁት። አንተ እሷን መስለሃቸው ነው።»

እማማ ኤሊ ወጡ። በወዲያኛው በር እመት ቀበሮና እመት አህያ ከነልጆቻቸው ገቡ። የአያ ጅቦ ጉንጭ ተነፍቷል፤ ከአገጩ ውሃ ይንጠባጠባል። ኤሊ ገንዳውን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ገባቸው።

«ለሷስ ደረስኩላት አልልም» አሉ ቀስ ብለው። «ልጆቿን ግን መልስልኝ። ወደ ውሃው ጎንበስ በልና አፍህን ክፈት። አትቸኩል።» ከዚያም እንዲረጋጋ ብለው፣ «ደግሞ ደስ ይበልህ። ለአያ አንበሳ የሚያስረዳው ጥጋቡ ነው። ከሁሉም አብልጦ ያየው እሱ ነው» አሉት።

አያ ጅቦ ማጎንበስ ጀመረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ሞልቶ አልዋጠም። ውሃው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እመት ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይገባዋል» አለች። «ከብልጥነሽ የሰማውን በደንብ ይዟል።»

ይህን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። መልስ ያስፈልገዋል። ለመመለስ ደግሞ አፍ ባዶ መሆን አለበት።

ዋጠ።

«ልጄ ከማንም አልሰማም» አለ አያ ጅቦ። «ራሱ አይቶ ነው።»

የእመት አህያ ውርንጭላ ከእናቱ ሥር ተሸጎጠ።

«ለአያ አንበሳ እንዳይመጣ መልእክት እልክለታለሁ» አሉ እማማ ኤሊ። «የሚታይ ነገር የለም።»

እመት ቀበሮ ልጇን አስነስታ ወጣች። የእሷም ፊት የደስታ አልነበረም።

ወደ ዋሻቸው ሲመለሱ አያ ጅቦ ዞር አለ። «ሰማሃቸው አይደል? ከሁሉም አብልጦ ያየው እሱ ነው አሉ። ከሷ ልጅ በልጠሃል።»

ጥጋቡ ከኋላ እየተከተለው ነበር። «ምነው ብልጥነሽን በመረጧት» አለ። «ጫጩቶቹ ይኖሩ ነበር።»

ከዚህ የምንማረው፣ የጎረቤቱ ልጅ በመመስገኑ ሆዱ የሚቃጠል ወላጅ ለገዛ ልጁ የተዘጋጀውን ክብር በገዛ አፉ እንደሚውጠው ነው።